ገዳም ያፈረሰው ሰው የጻፈው ገዳም

የካቲት 7 ቀን 1936 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሮም በስተደቡብ ምሥራቅ ባለ ተራራ አናት ላይ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አበምኔት ግሬጎሪዮ ዲያማሬ ከቀሯቸው መነኮሳት ጋር በገዳማቸው ውስጥ ነበሩ። ከተራራው ግርጌ ውጊያው ከተፋፋመ ሰንብቷል። ቤት ንብረታቸው የወደመባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ወፍራሙን ግንብ አምነው ቅጥር ግቢው ውስጥ ተጠልለዋል። ገዳሙ ሞንቴ ካሲኖ ነው። ቅዱስ ቤኔዲክት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ529 ገደማ መሠረተው፤ የምዕራቡ ዓለም መነኮሳት እስከ ዛሬ የሚተዳደሩበትን ሥርዓትም እዚያው ጻፈ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ አውሮፕላኖቹ መጡ። ከ200 የሚበልጡ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች እየተፈራረቁ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ቦምብ አወረዱበት። የተባበሩት ኃይሎች አዛዦች ጀርመኖች ገዳሙን የጦር መመልከቻ አድርገውታል ብለው ሰግተው ነበር። በዕለቱ ግን በቅጥሩ ውስጥ የጀርመን ጦር አልነበረም፤ ያለቁት የተጠለሉት ሰዎች ናቸው። ጀርመኖች የገቡት ገዳሙ ከፈረሰ በኋላ ነው። ፍርስራሹ ለምሽግ ተመቻቸውና ተራራውን እስከ ግንቦት ድረስ ያዙት።

አበምኔቱ ተርፈው ወጡ። መጻሕፍቱም ተርፈዋል። ከወራት በፊት፣ በ1943 መገባደጃ፣ ሁለት የጀርመን መኮንኖች ከመነኮሳቱ ጋር ተስማምተው የገዳሙን ብራናዎችና ቅርሶች በጭነት መኪና ወደ ሮም አሽሽተዋቸው ነበር። ብራናው ዳነ፤ ብራናው በነበረበት ቤት የተጠለለው ሰው ግን አለቀ።

በዚያ ዘመቻ ከተሳተፉት የአየር ኃይል ወታደሮች አንዱ ዋልተር ሚለር የሚባል የፍሎሪዳ ልጅ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ከሞላው ገና አንድ ወር አልሆነውም። ሥራው የሬዲዮ መገናኛና የጅራት መትረየስ ነበር፤ በጣሊያንና በባልካን ሰማይ ላይ ከሃምሳ በላይ በረራዎች አድርጓል። ጦርነቱ አልቆ አገሩ ገባ። በ1947 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ለርካሽ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔቶች አጫጭር ታሪኮችን ሲጽፍ ቆይቶ፣ ከ1955 እስከ 1957 ድረስ ስለ አንድ የበረሃ ገዳም ሦስት ታሪኮችን አሳተመ። እነዚህን እንደገና ሠርቶ በ1959 አንድ ልብ ወለድ አደረጋቸው። መጽሐፉ በአማርኛ «ማኅሌት ለሊቦዊትዝ» ቢባል ያስኬዳል። በ1961 የሁጎ ሽልማትን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህም ከኅትመት ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ሚለር ኋላ እንደተናገረው፣ የሚጽፈው ስለ ሞንቴ ካሲኖ መሆኑን አላወቀም ነበር። የገባው የሦስተኛውን ክፍል የመጨረሻ ትዕይንት ሲጽፍ ነው፤ አንድ አበምኔት በፈረሰ ገዳም ድንጋይ ሥር ግማሽ አካሉ ተቀብሮ ተጋድሟል። ያን ሲጽፍ ነው ከላይ ሆኖ ያየው ተራራ ትዝ ያለው።

ከዓለም ጥፋት በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርኩ ልብ ወለዶች እንደ አሸዋ የበዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት «ማን ይተርፋል?» ብለው ነው። ጥይትና የታሸገ ምግብ ያለው ይተርፋል። ሚለር የጠየቀው ሌላ ነው፤ የተረፈው በእርግጥ ድኗል ወይ? ይህን ጥያቄ በቀጥታ ሳይጠይቅ የሃይማኖት ምልክት ብቻ የሚያስጌጠው የጥፋት ታሪክ አይዘልቅም ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ረገድ የሚለርን ያህል የደፈረ አላውቅም።

በበረሃው ውስጥ የተገኘ ወረቀት

ታሪኩ የሚጀምረው ከኒውክሌር ጦርነቱ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ቦታው የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም። ፍራንሲስ የሚባል ገና ቃል ኪዳን ያልገባ ወጣት ረድእ ብቻውን ሱባኤ ይዟል። ከተኩላ የሚጠለልበትን የድንጋይ ጎጆ ሲክብ ወገቡን በጨርቅ የጠቀለለ፣ በትር የያዘ ሽማግሌ መንገደኛ ያልፍና ለግንቡ የሚሆን አንድ ድንጋይ ያመለክተዋል። ድንጋዩ ሲነሳ ከሥሩ ዋሻ ይከፈታል። ዋሻው የጥንት ሰዎች ከጨረር ብናኝ የሚሸሸጉበት መጠለያ ነበር፤ ፍራንሲስ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን ሲያነብ የጨረሩን ብናኝ የአውሬ ስም አድርጎ ይወስደውና ጉድጓዱ በአጋንንት የተሞላ መስሎት ይንቀጠቀጣል።

በዋሻው ውስጥ አንድ ሣጥን ያገኛል። በሣጥኑ ውስጥ ኤማ ለምትባል ሴት ከሱቅ የሚገዛ ምግብ የተዘረዘረበት ብጣሽ ወረቀትና አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ንድፍ አለ። የንድፉ ባለቤት ኢሳቅ ኤድዋርድ ሊቦዊትዝ ነው፤ የገዳሙ መሥራች።

ሊቦዊትዝ ማን እንደነበረ ሚለር በጥቂት ገጾች ይነግረናል። መጽሐፉ ጦርነቱን «የእሳት ጎርፍ» ብሎ ይጠራዋል፤ የኖኅን የጥፋት ውኃ እንድናስብ ነው። ከእሳቱ የተረፈው ሕዝብ በቁጣ ተነሳ፤ «ይህን ያመጡብን የተማሩት ናቸው» አለ። መሐንዲሱን፣ መምህሩን፣ ማንበብ የሚችለውን ሁሉ ገደለ፤ መጻሕፍቱን አቃጠለ። አለማወቅ ክብር ሆነ። አይሁዳዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊቦዊትዝ ሚስቱን በጦርነቱ አጥቶ ወደ ገዳም ሸሸ፣ ካህን ሆነ፣ መጻሕፍትን በድብቅ የሚያሻግርና በቃል የሚያጠና ማኅበር መሠረተ። በመጨረሻም አንድ የሙያ ባልደረባው ጠቁሞበት በሕዝብ እጅ ተገደለ። መነኮሳቱ ከዚያ ጀምሮ ያገኙትን ቁራጭ ሁሉ ይሰበስባሉ፣ ይገለብጣሉ። የሚገለብጡትን ግን አያውቁትም፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልቀረም።

ፍራንሲስ ያን ንድፍ በብራና ላይ በወርቅና በሐረግ አስጊጦ ለመገልበጥ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር እንደ ወንጌል ገጽ በወይን ሐረግ ተከቦ ታሰበኝ። ዋናውንና ቅጂውን ይዞ ወደ አዲሲቱ ሮም ሲጓዝ ሽፍቶች ያገኙታል። ሽፍታው የሚያብረቀርቀውን ቅጂ ይወስድና ዋናውን ቆሻሻ ወረቀት ይተውለታል። ፍራንሲስ ያለቅሳል። ጳጳሱ ግን ሲሰሙ ያጽናኑታል፤ አሥራ አምስት ዓመት የደከመበት ቅጂ ባይኖር ሽፍታው ዋናውን በወሰደ ነበር፤ ድካሙ ለዋናው ቤዛ ሆነ። ፍራንሲስ በወርቅ ሊቤዠው ወደ ሽፍታው ሲመለስ ግንባሩን በቀስት ተመቶ ይሞታል። ያ ሽማግሌ መንገደኛ እንደገና መጥቶ ይቀብረዋል።

ከጥፋት ውኃ በኋላ ያለው ወጣት

ይህን ትዕይንት መጽሐፈ ኩፋሌን የሚያውቅ አንባቢ ሲያገኘው ቆም ማለቱ አይቀርም። ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በውስጡ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ከጥፋት ውኃ በኋላ የአርፋክስድ ልጅ ቃይናን ከአባቱ ጽሕፈት ይማራል። ካደገ በኋላ የሚሰፍርበትን ቦታ ሲፈልግ የቀደሙት ሰዎች በዓለት ላይ የቀረጹትን ጽሑፍ ያገኛል። ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ በእርሱም ይበድላል። ጽሑፉ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከጥፋቱ በፊት ለሰው ያስተማሩት ጥበብ ነው፤ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ምልክት የሚያስነብብ። ቃይናን ኖኅ እንዳይቆጣው ፈርቶ ግልባጩን ይደብቀዋል።

አንድ ወጣት፣ አንድ ምድረ በዳ፣ ከጥፋት በፊት የነበሩ ሰዎች የተዉት የጥበብ ጽሑፍ፣ የሚገለብጥ እጅ። ሚለር ኩፋሌን አንብቦ ይሁን አይሁን ለክርክሬ አያስፈልገኝም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተራርቀው ሁለት ጸሐፊዎች ወደ አንድ ቦታ ደርሰዋል፤ ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፈው ሰው የመጀመሪያው ፈተና የጠፋችው ዓለም ዕውቀት ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ይጀምረዋል። እርሱም ሙሉ ሆኖ የኖረው በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎውረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይክ ቁርጥራጮች በ1976 ሲታተሙ የመጽሐፉ ጥንታዊነት ለሁሉም ግልጽ ሆነ። በሄኖክ መጽሐፍ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ከምድር የሚወጣውን ብረት መቀጥቀጥን ለሰው ያስተምራል፤ ምድር በደም ትሞላለች፤ ጥፋቱ ይመጣል። ሚለር ስለ አቶም የሚለው ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ይሁንና ያው መጽሐፍ ሌላ ዕውቀት ደግሞ ያሳየናል። ሄኖክ ያየውን ጽፎ መጻሕፍቱን ለልጁ ለማቱሳላ ያስረክባል፤ ለሚመጡት ትውልዶች ጠብቃቸው ይለዋል። ስለዚህ ጽሕፈት በሁለቱም ወገን አለች። ቃይናን ገልብጦ ደበቀ፤ ሄኖክ ጽፎ አደራ ሰጠ። መዳንና መጥፋት የሚለያዩት በተጻፈው ነገር ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰው ለማንና እንዴት አድርጎ ያስተላልፈዋል በሚለውም ነው። የሚለር ሁለተኛ ክፍል ይህንኑ ጥያቄ እንደ ገና ያነሳዋል። ዘመኑ 3174 ነው። ታዴዎ የሚባል ዓለማዊ ሊቅ መጻሕፍቱን ለመመርመር ወደ ገዳሙ ይመጣል። አንድ መነኩሴ ከጥንታዊ ጽሑፍ ተምሮ የኤሌክትሪክ መብራት ሠርቷል፤ መብራቱን ለመስቀል ከግድግዳው መስቀሉን ያወርዳሉ። አበምኔቱ ጳውሎስ ይህን ሲያዩ ልባቸው ይደማል። ሊቁ የሚያገለግለው ንጉሥ በዚያው ሰሞን ገዳሙን ምሽግ ሊያደርገው ይመኛል፤ መኮንኖቹ ከሊቁ ጋር መጥተው ቅጥሩን በሥዕል እየነደፉ ነው። አበምኔቱ መጻሕፍቱን ዘግተው ማስቀረት ይችሉ ነበር። አልዘጉም። አደራ የተቀበለ ሰው እስከ መቼ ድረስ ነው የሚጠብቀው? ተቀባዩ ክፉ ቢሆንስ? ሚለር መልስ ሳይሰጥ ያልፋል፤ እኔም በዚህ ቦታ መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም።

ሌሎቹ

ከሚለር በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አንዱን ወገን ብቻ ይዘዋል። በ1980 የታተመው የራስል ሆባን «ሪድሊ ዎከር» የሚተርከው ስለ እንግሊዟ ኬንት ነው፤ የተበታተነች ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በካንተርበሪ ካቴድራል ስለሚገኝ የቅዱስ ዩስጣጥዮስ ሥዕል የተጻፈ ማብራሪያ አግኝተው ቅዱስ መጽሐፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ ተነሥተው ባሩድን እንደገና ይፈጥራሉ። የኦክታቪያ በትለር ጀግና የሰባኪ ልጅ ናት፤ አገሯ ካሊፎርኒያ ስትቃጠል የአባቷን እምነት ትታ በመንገድ ላይ አዲስ ሃይማኖት ትመሠርታለች። መጽሐፉ በ1993 ታትሞ የሚጀምረው በ2024 ነበር። የኮርማክ ማካርቲ «መንገዱ» (2006) ደግሞ ሁሉንም ገፍፎ አባትና ልጅን ብቻ ያስቀራል። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ መጽሐፍ የለም፤ አባትየው እግዚአብሔር ተናግሮ ከሆነ የተናገረው በዚህ ልጅ ነው ብሎ ያምናል። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ለሚለር የሚቀርበው ማካርቲ ነው፤ እርሱም ቤዛን ከመጽሐፍ አውጥቶ በሰው ላይ ያኖራል።

አንድ የአገራችንም ሥራ አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያቀረበው «ክራምስ» የተባለ ፊልም በአማርኛ የተሠራ፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት ነው። በፊልሙ የሚታየው ዳሎልን የመሰለ ምድር ከዓለም ጥፋት በኋላ ላለው ዘመን ሌላ ማስመሰያ አያስፈልገውም። በዚያ ዓለም የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችና አሮጌ የሙዚቃ ሸክላዎች እንደ ጥንት ቅርስ ይከበራሉ፤ ሴቲቱ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። የሊቦዊትዝን የገበያ ዝርዝር ያየ ሰው ይህን ፊልም ከማንም በላይ ይረዳዋል። ሰው ሊያከብረው የሚችለውን ሲያጣ ባገኘው ነገር ፊት ይሰግዳል፤ ሁለቱም ሥራዎች በዚህ አይስቁም።

የእኛ የቆየ ሥነ ጽሑፍ ግን ከጥፋት በኋላ የሚሆነውን ሲያስብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዘነብላል። ፍካሬ ኢየሱስ የመከራውን ዘመን ይዘረዝርና ከዚያ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ምድርን በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። ካሳ ኃይሉ በ1855 ሲነግሡ ያን ስም መምረጣቸው ትንቢቱ በሕዝቡ ልብ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ያሳያል። ከጥፋት በኋላ ንጉሥ ይመጣል የሚለው ተስፋ ቀላል ተስፋ አይደለም፤ ትውልዶች በርሱ ተጽናንተዋል። ሚለር ግን ከንጉሥ ምንም አይጠብቅም። በመጽሐፉ ያሉት ነገሥታት ሁሉ ዕውቀቱን ለጦር መሣሪያ የሚፈልጉ ናቸው።

እውነተኛው ማኅበር

ልብ ወለዱ ከታተመ ጥቂት ዓመታት በኋላ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖሩ የቅዱስ ቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት አንድ ሥራ ጀመሩ። የሞንቴ ካሲኖን መፍረስ የሚያስታውስ ትውልድ ነው፤ ቀጣዩ ጦርነት በኒውክሌር መሣሪያ ከሆነ በአውሮፓ ገዳማት ያሉ የእጅ ጽሑፎች አንድም እንደማይተርፉ ሰጉ። በ1965 አባ ኦሊቨር ካፕስነር ወደ ኦስትሪያ ተጉዘው በክሬምስሙንስተር ገዳም ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ዛሬ የሂል የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት የሚባለው የተወለደው በዚህ ነው። ልብ ወለዱና ቤተ መጻሕፍቱ ከአንድ ተራራ ፍርስራሽ የወጡ ናቸው ብል አልተጋነነም፤ አንዱ በጸጸት፣ ሌላው በሥጋት።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ የኮሌጅቪል መነኮሳትና በቴነሲ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ያሉ የግእዝ መጻሕፍትን ማንሣት ጀመሩ። ዋናዎቹ ብራናዎች ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ሥራው በአብዮቱ ዓመታትም ቀጥሎ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። የሄኖክና የኩፋሌ ቅጂዎች በውስጡ አሉ። የኒውክሌርን እሳት የፈሩ መነኮሳት በፊልም ካዳኗቸው ታሪኮች አንዱ ያ የቃይናን ታሪክ ነው፤ ገልብጦ የበደለው ወጣት ራሱ ተገልብጦ ተረፈ።

ይህን ሀብት ቃል በቃል አንብቦ፣ ለይቶ፣ ዘርዝሮ ለዓለም ካሳወቁት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዙት ቤቱ መጥተው በጥይት መቱት፤ ከወገቡ በታች አካሉ ሽባ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኮሌጅቪል ገባ። እስከ 2021 ድረስ በኖረባቸው ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ከአገሩ ርቆ፣ የአገሩን ብራናዎች በፊልም ማንበቢያ ላይ እያነበበ ካታሎጎቹን በተከታታይ ጥራዞች አዘጋጀ፤ «ባሕረ ሐሳብ»ንና «አንዳፍታ ላውጋችሁ»ን የመሰሉ መጻሕፍትም ጻፈ። የተማረ ሰው የሚገደልበት ዘመን፣ ሸሽቶ ገዳም የገባ ምሁር፣ መጻሕፍትን ከመጥፋት የሚያድን ሥራ፤ ይህ የሚለር ልብ ወለድ ሳይሆን የአንድ የሸንኮራ ሰው ሕይወት ነው። በዚህ ሰው ፊት «መጽሐፍ መጠበቅ ሰውን አያድንም» የሚል ማንም ሰው ጥቂት ማሰብ ይኖርበታል፤ እኔም እንዲያ ለማለት ስሞክር መጀመሪያ የምጋፈጠው እርሱን ነው።

ምክንያቱም የእኛ ባህል መጽሐፍ መገልበጥ ራሱ የድኅነት መንገድ ነው ይላል። በየገድሉና በየድርሳኑ መጨረሻ ያለው ቃል ኪዳን መጽሐፉን ለጻፈ፣ ላጻፈ፣ ላነበበና ለሰማ ምሕረትን ያውጃል። ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ጽፎ ሲጨርስ በኅዳጉ ላይ ስሙን አስገብቶ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። ስለዚህ ለእርሱ ሥራው ዕውቀትን ለመጪው ዘመን ከማቆየት ይበልጣል፤ ራሱን በአንባቢዎች ጸሎት ውስጥ ያኖራል። ፍራንሲስ ያን ሁሉ ዓመት በወርቅ ሲለፋ የሚሰማው ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ትርጉሙን ሳያውቅ መገልበጡ ሞኝነት አይደለም፤ የሚገለብጠው ለቅዱሱ ነው።

ሁለተኛው እሳት

ታዲያ ሚለር መጽሐፉን እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ውብና የሚያጽናና መጽሐፍ ይሆን ነበር፤ ዕውቀት ጠፋች፣ መነኮሳት ጠበቁ፣ ብርሃን ተመለሰ። ግን ሦስተኛውን ክፍል ጻፈ። ዘመኑ 3781 ነው። ሰው እንደገና ከተማ ሠርቷል፣ ወደ ከዋክብት ተጉዟል፣ እንደገናም ቦምብ አለው። መነኮሳቱ ለአሥራ ሁለት መቶ ዓመት የጠበቁት አደራ ዞሮ እሳት ሆነ። ቦምቡ ይወድቃል።

አበምኔቱ ዘርኪ ይባላሉ። በጨረር የተቃጠሉትን ሥቃያቸውን ለማሳጠር በመንግሥት ፈቃድ የሚገድል የሕክምና ካምፕ ከገዳሙ አጠገብ ይተከላል። አንዲት እናት ጨረር የፈጃትን ሕፃን ልጇን ይዛ ወደዚያ ስታመራ አበምኔቱ ይለምኗታል፣ ይከራከሯታል፣ መንገድ ይዘጋሉ፣ ተቆጥተው ሐኪሙን በቡጢ ይመቱታል። አያሸንፉም። እናቲቱ ትገባለች። በዚህ ክርክር ሚለር ለሐኪሙም ሙሉ ልብ ሰጥቶታል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሐኪሙ ሥቃይዋን ማስቆም ይችላል፣ አበምኔቱ አይችሉም። እኔ ከአበምኔቱ ጋር ነኝ፤ ሕፃኗን ያየሁ ያህል ስለሚሰማኝ ግን ከእርሳቸው ጋር መሆን አይቀለኝም።

ሚለር ራሱ ከዚህ መጽሐፍ በኋላ በሕይወት ሳለ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። ከሰው ርቆ ኖረ። ሚስቱ በ1995 አረፈች፤ በ1996 መጀመሪያ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ለዓመታት ሲጽፈው የነበረውን ሁለተኛ መጽሐፍ ቴሪ ቢሰን ጨርሶት በ1997 ወጣ። አንዳንዶች የሚለርን አሟሟት ለአበምኔቱ ክርክር ማፍረሻ ያደርጉታል። የአንድን የቆሰለ ሰው የመጨረሻ ሐዘን በመጽሐፉ ላይ ፍርድ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። አበምኔቱ በመጽሐፉ ውስጥ ማንንም በክርክር አላዳኑም፤ ሚለር ይህን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር።

ያዳነው፣ ካዳነ፣ ሌላ ነው። በገዳሙ አቅራቢያ ቲማቲም የምትሸጥ ግሬልስ የምትባል አሮጊት አለች። ከጥንቱ ጨረር በወረሰችው ጉድለት ሁለት ራስ አላት፤ ሁለተኛዋ ራስ ትንሽ፣ ዓይኗን የጨፈነች፣ ተናግራ የማታውቅ ናት። አሮጊቷ ራሔል ብላ ትጠራታለች፤ አጥምቁልኝ ብላ ካህናቱን ስትለምን ኖራለች። ካህናቱ ነፍስ ያላት መሆኗን ስለሚጠራጠሩ እንቢ ብለዋል። በመጨረሻው ቀን አበምኔቱ አሮጊቷን ያናዝዟታል። የምትናዘዘው አስደንጋጭ ነው፤ እንዲህ አድርጎ የፈጠራትን አምላክ ይቅር ማለት እንደሚያስፈልጋት ትናገራለች። አበምኔቱ ይህን እንዴት እንደሚቀበሉ ሳያውቁ ሰማዩ ይበራል፤ ገዳሙ በላያቸው ይወድቃል።

ከድንጋዩ ሥር ግማሽ አካላቸው ተቀብሮ ሲነቁ ከፈረሰው መቃብር የወጣ የራስ ቅል አጠገባቸው ወድቋል፤ ግንባሩ ላይ የቀስት ስባሪ ተሰክቶበታል። የፍራንሲስ ራስ ነው፤ አንባቢው ያውቃል፣ አበምኔቱ አያውቁም። ከዚያ አሮጊቷ ትመጣለች። ራሷ እየደረቀ ነው፤ ራሔል ግን ነቅታለች። ብርጭቆ ገላዋን ወግቷት አያማትም፤ የሚሏትን እንደ ሕፃን ትደግማለች። አበምኔቱ ለጥምቀቷ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ትሸሻለች፣ ግንባሯን ትጠርጋለች። ከዚያ የፈሰሰውን ቅዱስ ቁርባን ከፍርስራሹ መካከል ታነሳና ለአበምኔቱ ታቆርባቸዋለች። አንድ ካህን ነፍስ አላት ወይ ብለው ከተጠራጠሯት ፍጡር እጅ ቁርባን ይቀበላል፤ ያቺ ፍጡር ጥምቀት የማያስፈልጋት፣ የአዳም በደል ያልነካት መሆኗን በዚያች ቅጽበት ይረዳል።

ሞንቴ ካሲኖን ከላይ የደበደበው ሰው ይህን ሲጽፍ ራሱን ያኖረው ከድንጋዩ ሥር ነው። ይቅርታ ሲሰጠውም የሰጠው ጳጳስ ወይም ንጉሥ አይደለም፤ ቦምቡ ራሱ ያጎደላት፣ ማንም ያልቆጠራት ናት። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የቤዛነት ገጽ የለም። ምሕረቱ ለዓለም አይደርስም፤ ከተሞቹ እየነደዱ ነው። ለአንድ ሰው ይደርሳል።

ብዙ አንባቢዎች የሚያስታውሱት ግን መርከቡን ነው። ከጥፋቱ በፊት ኢያሱ የሚባል መነኩሴ ጥቂት ወንድሞችን፣ ሕፃናትንና የገዳሙን መጻሕፍት ይዞ ወደ ሌላ ዓለም በምትጓዝ የሕዋ መርከብ ይሳፈራል። የመጨረሻው መነኩሴ ከመግባቱ በፊት የጫማውን አቧራ ያራግፋል። ይህን የድኅነት ማጠቃለያ አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው፤ የኖኅ መርከብ፣ አዲስ ምድር። ነገር ግን መርከቧ የተሸከመችው ያንኑ ዕውቀት ነው፤ መብራቱም ቦምቡም በውስጡ አለ፤ ሕፃናቱ አድገው ያነቡታል። ኢያሱ የተሸከመው የሄኖክን አደራ ይሁን የቃይናንን ግልባጭ፣ ሚለር አልፈረደም።